እስከ ፋሲካ የተሰጠ ቀጠሮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካባ አለበሱኝ። በዚያ በሰቆጣ የሚያዝያ ፀሐይ ካባ! ወጣቱ ኃላፊያችን ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ሲስተር ዘነበች ለስንትና ስንት እናቶች ደርሳለች» አለ፤ ሰውም አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር የደረስኩላቸውን አላስታውሳቸውም። ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ፊቱ ከሰው ልብ ቶሎ ይጠፋል። ያልደረስኩላትን ግን ከነድምጿ አስታውሳታለሁ። «እስቲ አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ካባ ለብሶ እሬት እሬት የሚል ነገር አይወራም። ያን ዕለት የዋጥኩትን አሁን ካባውን ሳጥን ውስጥ ከትቼ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በጤና ረዳትነት ነው፤ ነርስነቱን በኋላ ተምሬ አገኘሁት። የመጀመሪያ ምድቤ ሰሃላ ነበር። መድኃኒቱም እኔም አብረን በአህያ ገባን። ደመወዝ በመጣ ጊዜ ይመጣል፣ ባልመጣ ጊዜ ቆሎ አለ፤ ስለሱ አላወራም፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያው ነበር። ሰሃላ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተራራ ስትወርድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ነው። ከዚያ ወደ ደሃና ተዛወርኩ፤ ከአምደወርቅ ብዙም የማይርቅ ጤና ጣቢያ። ሥራ የምለውን ሥራ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ያስተማረችኝም ሲስተር ወርቅነሽ ናት።

ሲስተር ወርቅነሽ አጭር፣ ቁጡ፣ እጇ ግን የሐር ያህል ለስላሳ የሆነ ሴት ነበረች። የደጋው ብርድ እጅ ያደነዝዛልና ሴት ከመንካቷ በፊት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታሞቀዋለች። «በቀዘቀዘ እጅ የተነካች ሴት ሁለተኛ አትመጣም» ትለኝ ነበር። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምንሰጠው በገበያ ቀን ነው። ሴቶቹ እንቁላል ወይም ጌሾ ይዘው ይወጣሉ፤ በባሎቻቸው ዓይን ገበያ ናቸው፣ በመካከሉ ለኛ ብቅ ይላሉ። አብዛኞቹ ተደብቀው ነው። እሷም ይህን ታውቃለችና ለተወጋች ሴት ሁሉ አንዲት የዓይን ቅባት ሳትሰጥ አትሸኝም ነበር። ዓይን የማይታመም ቤት የለም፤ መንገድ ላይ «ጤና ጣቢያ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» ቢሏት ቅባቱን ብቅ ታደርጋለች። ከበላይ «ቅባቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል» የሚል ወቀሳ ሲመጣ ሲስተር ወርቅነሽ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

መርፌውን ራሱ እንዴት እንደሚይዙት ያሳየችኝ እሷ ናት። መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ እንደ ኖራ ከታች ይዘቅጣል። በደንብ ካልተናጠ ፍሬ ነገሩ ብልቃጡ ሥር ይቀርና ሴትዮዋ ውኃውን ተወግታ ትሄዳለች፤ ከዚያ ስታረግዝ «መርፌው ከሸፈ» ይባላል። ከተወጉ በኋላ ደግሞ ቦታውን ማሸት አይገባም። የኛ ሴቶች የተወጋ ቦታ ማሸት ልማዳቸው ስለሆነ እጃቸውን መታ አድርጋ «ተይው! ጨርሰሽ ልታስወጪው ነው?» ትላቸው ነበር። የወር አበባቸውን ስትጠይቅ በወርና በቀን አትጠይቅም። «ከማርያም በፊት ነው ከገብርኤል በኋላ?» ትላለች፤ ሴቶቹም ሳይሳሳቱ ይነግሯታል። አማርኛው ለከበዳቸው እኔ በኽምጣንጋ አስተረጉም ነበር።

ከሁሉ በላይ አጥብቃ የምትናገራት አንዲት ነገር ነበረች። መጀመሪያ ለምትወጋ ሴት ሁሉ ትነግራታለች። «ይኼ መርፌ ክፉ እንግዳ ነው፤ ተነስ ስትይው አይነሳም። ያቆምሽ ዕለት የሚለቅሽ እንዳይመስልሽ። አንዷን በመንፈቅ ይለቃታል፣ ሌላዋን ዓመት አልፎም ያቆያታል። ማህፀንሽን አያደርቀውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ስለዚህ ልጅ የምትፈልጊበትን ዓመት አስቢና ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አቁሚ።» ይህን ሰምታ ፈርታ የምትሄድ ነበረች። ሲስተር ወርቅነሽም አታስቀራትም፣ «አውቃ ትሂድ» ትላለች።

እሷ የጡረታ ዕድሜዋ ደርሶ ስትሄድ እኔ በቦታዋ ቀረሁ። በዚያው ሰሞን አቶ ሲሳይ የሚባል የቤተሰብ ምጣኔ አስተባባሪ መጣብን። ሞኝ አልነበረም፤ ሞኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ያኔ «መርፌ ያመክናል» የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበርና ይህን ወሬ እንዲያጠፋ ነው የተላከው። ገበያ መሀል ድንጋይ ላይ ይወጣና ድምፅ ማጉያውን ይዞ «መርፌ ማለት በር ነው! ሲፈልጉ ይዘጉታል፣ ሲፈልጉ ይከፍቱታል! ባቆሙ ማግስት ይረገዛል!» ይላል። ሴቶቹ ወደኔ መጥተው «እውነት ነው?» ይሉኛል። እኔ የሲስተር ወርቅነሽን ቃል እነግራቸዋለሁ። ይህ ጆሮው ሲደርስ ጠርቶ «ሰዉን አታስፈራሪ» አለኝ። «የምናገረው እውነቱን ነው» አልኩት። «እውነት ሁሉ አይነገርም» አለኝ። የተማረ ሰው አፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያምር!

ታደሉን ያወቅኳት ሲስተር ወርቅነሽ ሳለች ነው። የአባቷ አገር ሰሃላ ነው፤ ከጤና ጣቢያችን ማዶ ካለች መንደር ሞላ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡ ቀናት ፈጅቶባት ያዋለደቻት ሲስተር ወርቅነሽ ናት። ከእናትም ከልጅም ተስፋ ቆርጠን ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች። በማግስቱ ሲስተር ወርቅነሽ ታደሉን «ዳሌሽ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛውን ሐኪም አጠገብ ካልሆነ እንዳትወልጂ። አሁን ግን መጀመሪያ ሰውነትሽ ይመለስ» አለቻት። ታደሉ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ትመጣ ጀመር። ሞላ ልጅ በልጅ መሆን የሚፈልግ ሰው ነበርና አልነገረችውም። በበጋ ወደ ቆላ ሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ እንደልቧ ትመጣለች፤ ክረምት ሲሆን የዓይን ቅባቱን እያሳየች። አራት ዓመት ያህል እንዲህ ኖረች።

ከዚያ ኩፍኝ ገባና ልጅቷን ወሰዳት።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ቅዳሜ መጣች። ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ከደጅ ቆመች። «ዛሬ ለመወጋት አይዶለም የመጣሁ፣ እትየ» አለችኝ። «ላቆም ነው። ልጄን መልሼ ልውለድ።»

«ዘግይቶ ነው የሚለቅሽ፣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አቶ ሲሳይ በማግስቱ ይላሉ።»

«አቶ ሲሳይ ወልዶ አያውቅም» አልኳት። ሳቅ አለች። ከልጇ ሞት ወዲህ የሳቀችው ያን ዕለት ይመስለኛል።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። በየገበያው ብቅ እያለች «ምንም የለም» ትለኛለች። «ታገሺ፣ ይመጣል» እላታለሁ። ኅዳር ላይ አማቷ መናገር ጀመረች። «ከአንዲት ልጅ በኋላ ደረቀች፤ ልጄን ያለ ወራሽ ልታስቀርብኝ ነው» እያለች በየማኅበሩ ታወራለች። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም፤ ሞላም ከቆላ ሲመለስ እናቱ ጆሮው ላይ ተቀመጠች። ለጥምቀት ሰሞን «መካን ናት፣ አፋቱኝ» ብሎ ሽማግሌ ጠራ።

ታደሉ የዚያን ዋዜማ እኔ ዘንድ መጣች። ጣጣው ግልጽ ነበር። መርፌውን ከደበቀች መካን ተብላ ትፈታለች። መርፌውን ከተናገረች ባሏን አራት ዓመት ያታለለች ሴት ትሆናለች፤ ግን ቢያንስ የምትወልድ ሴት ናት፣ ቤቷም ሊተርፍ ይችላል። ሲስተር ወርቅነሽ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» እያለች ነው ያሳደገችኝና እኔ የሴት ምስጢር አላወጣም። «አንቺ ካልፈቀድሽ አፌን አልከፍትም» አልኳት።

«ልናገር» አለች። «ውሸታም ቢሉኝ ይሻለኛል። ውሸታም ትወልዳለች።»

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ነው። የመሀሉን ድንጋይ የያዙት የሁለቱም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ተስፉ ናቸው። አቶ ሲሳይ ያን ዕለት ለትምህርት መንደሩ መጥቶ ነበርና በክብር ከጎናቸው አስቀመጡት። ከኋላ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ግማሾቹ የኔው የመርፌ ደንበኞች ናቸው።

ታደሉ ተነስታ ሁሉንም ተናገረች። ሞላ ከተቀመጠበት ተነሳ። ከዚያ «አባቶች፣ ለዓይኔ ነው ትለኝ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ዓይኗ እንዳይጠፋብኝ ብዬ መንገድ ድረስ እሸኛት ነበር!» ሰው ሳቀ። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ታደሉን የቆረጣት ያ ሳቅ ነው፤ ፊቷን አይቼዋለሁ።

እኔን ጠየቁኝ። «መካን አይደለችም» አልኩ። «መድኃኒቱ ከሰውነቷ ተንጠፍጥፎ እስኪወጣ ነው። ቀጠሮውን ለመስቀል አድርጉላቸው።»

«ለመስቀል?» አሉ ቄስ ተስፉ። «ይኼ ሁሉ ጊዜ ለምን? የምትይዝበትን ቁርጡን ንገሪን።»

«ቁርጡን እኔም አላውቀው፣ አባቴ። ከሴት ሴት ይለያያል።»

«ሐኪም ሆነሽ አታውቂም?» ወደ አቶ ሲሳይ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ ጌታው? ከሁላችንም እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

አቶ ሲሳይ ቀና ብሎ ከኋላ የቆሙትን ሴቶች አየ። እኔም ሲያይ አየሁት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ገበያ መሀል በሚናገርበት ድምፅ «መድኃኒታችን ምንም አያዘገይም» አለ። «ያቆመች ሴት በማግስቱ ትፀንሳለች። ካልፀነሰች መርፌው ሳይሆን የራሷ ሌላ ችግር ነው።»

ከዚህ በኋላ እኔ ምን ብናገር ማን ይሰማኛል? ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ወዲያው ፍታት አላሉም። ተነጋግረው «እንግዲህ በማግስቱ የሚሆን ነገር ከሆነ እስከ ፋሲካ ይበቃል። ለዳግማይ ትንሣኤ እንሰብሰብ፤ እስከዚያ ካረገዘች ቤቷ ቤቷ ነው፣ ካላረገዘች ይለያዩ» ብለው ቀጠሮ ቆረጡ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ወር፣ መልካም ቀጠሮ።

እኔ ግን ተነሳሁ። «አባቴ፣ ከፊታችን ጾመ ነነዌ አለ፣ ከዚያ ሁዳዴ ነው። ባልና ሚስት መኝታ በሚለዩበት ጾም ውስጥ ሴት ከየት አምጥታ ታርግዝ?»

እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ በሴት አፍ! ቄስ ተስፉ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። «አንቺ ሴትዮ፣ በጾም እንዲህ ያድርጉ ልትዪን ነው?» አሉ። «ተቀመጪ!» ሌሎቹም ጮኹብኝ። ጾም የሌለበትን ቀን አስሉ ነበር ያልኩት፤ እነሱ ጾም ሻሪ አደረጉኝ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ከመካከላቸው ጾሙ የሚገባበትን ቀን የማያውቅ አልነበረም። ያንን ቀን ከቀጠሮው ላይ መቀነስ ግን ነውር ሆነባቸው።

ስንመለስ አቶ ሲሳይ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። «ሲስተር፣ አንቺ ከፊትሽ ያለችውን አንዲት ሴት ነው ያየሽው» አለኝ። «እኔ ከኋላ የቆሙትን አየሁ። ዓመት ያቆያል ብል ከነገ ወዲያ ማን ይመጣል? ተደጋጋሚ ወሊድ ስንቷን እንደሚቀጥፍ አንቺ ታውቂያለሽ።» አዎ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እንደ ልብ የማልጠላው፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የምጠላው። እሱ የዋሸው ለብዙዎች ነው፣ ዕዳውን የከፈለችው ግን አንዷ ናት። ከዓመት በኋላ ሹመት አግኝቶ ወደ ትልቅ ከተማ ሄደ አሉ። ይመቸው።

አማቷ ሁዳዴ እስኪገባ እንኳ አልጠበቀችም። «ለልጅ ነው፣ ማህፀኗ ይፈታ» ብላ ወዲያው ጥምቀት እንዳለፈ ጠበል ወሰደቻት። ጠበል የገባች ሴት ደግሞ ከባል ትለያለች። ታደሉ በብርድ፣ በባዶ ሆዷ፣ ጠዋት ጠዋት እየተጠመቀች ከረመች። ሞላ ቤት፣ እሷ ጠበል። ቀጠሮው በዚህ አለቀ። ለሆሳዕና ተመለሰች፤ ከዚያ ሕማማት ነው። ባልና ሚስት አንድ መኝታ የያዙት ፋሲካ ተፈስኮ ነው። ሳምንቱን አብረው ሰነበቱ፤ ሞላም ታርቋት ነበር አለችኝ በኋላ። የበጉን ኩላሊት መርጦ አጎረሳት።

ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። «አረገዝሽ?» አሏት። በሳምንት ማን ምን ያውቃል? «አላውቅም» አለች። «ቀጠሮው ቀጠሮ ነው» ተባለ። ሞላ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ያን ቀን አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይኼን አልጽፍም ነበር። አማቷ ግን አፏ አላረፈም፤ «ይኼን ያህል ጠበል የጠጣ ድንጋይ ቢሆን ያበቅል ነበር» አለች። ታደሉ ድርሻዋን ይዛ ሰሃላ አባቷ ቤት ገባች።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቃ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች። አግዳሚው ላይ ጋደም አለች። እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ሆዷን ዳበስኩ። ማህፀኗ ከእንብርቷ በታች ጠንከር ብሎ ቆሟል። «ወሩን መቼ ነበር ያየሽው?»

«ከሆሳዕና በፊት። ከዚያ ወዲህ የለም።»

የፋሲካው ሳምንት ፅንስ ነው። እኔና እሷ ተቃቅፈን አለቀስን፤ የደስታ ነው። ሞኝነታችን! በማግስቱ ሞላ ቤት ሄድኩ። ሌላ ሚስት አግብቷል። እናቱ ከጓዳ ወጥታ «ከኛ ቤትማ መካን ሆና ነው የወጣችው፤ ጠበል ቦታ ስንቱ ወንድ ያድራል» አለችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ራሷ ወስዳ ራሷ ስትጠብቃት የከረመች ሴት። ሞላን «አንተስ? ሳምንቱን ረሳኸው?» አልኩት። «አስተባባሪው ሌላ ችግር አለባት ብለዋል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ስለ ታደሉ «ወሯ ሲገባ እኔ ቤት ትቀመጥ፣ ይኼን ልጅ ሰሃላ አትወልደውም» ብዬ ለአባቷ ላክሁ። አባቷ ኩሩ ሰው ናቸው። «አባት የሌለው ፅንስ ይዛ ከተማ ለከተማ ትዙርና ይሳቅብን? ባሏ ልጁን ይመን፣ ያኔ ትወርዳለች» ብለው መለሱልኝ። ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አንቺ ያልሽው አንድም ቀን አልሆነም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያልኩት ሁሉ የሆነው ከቀጠሮው በኋላ ነበር።

ጥር ገብቶ ምጧ መጣ። ምጡ አልፈታት ሲል ወንድሞቿ በቃሬዛ አወጧት። ጤና ጣቢያችን ሲደርሱ አንድ ጊዜ አየኋትና መኪና ለምኜ ይዣት ሰቆጣ ወረድኩ። መንገድ ላይ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ነበር። ከመሀል መንገድ ጀምሮ ልጁ እጄ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ማህፀኗ ተቀዷል። ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አድርገው እሷን አተረፏት፤ ማህፀኗን ግን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ወንድ ልጅ ነበር።

ሕመሙ በረድ ሲልላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ማንም አልነገራትም። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሴቶች ስላሉ በኽምጣንጋ፣ በቀስታ አናገረችኝ።

«ልጁ እንደሌለ አውቄያለሁ፣ እትየ» አለች። «ይኼኛውስ ሌላ እስካረግዝ ስንት ጊዜ ያስጠብቀኛል? እንደ መርፌው ነው?»

የወጋኋት እኔ ነኝ፤ «ታገሺ፣ ይመጣል» ያልኳትም እኔ ነኝ። ይህንን ሌላ ሰው እንዲነግራት አልተውኩም። «ከእንግዲህ አይመጣም፣ ታደሉ» አልኳት። «ማህፀንሽን አውጥተውታል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እንግዲያው እንዳሉኝ አደረጉኝ» አለች።